ድመቷ ኮፍያ ከማድረጓ በፊት፦ የኪሺ ባቡር ጣቢያ ጉዳይ

ጃፓን ውስጥ አንዲት ድመት የባቡር ጣቢያ ሹም ሆና ተሹማ ነበር። ወሬውን ያልሰማ ጥቂት ነው። ፎቶዋንም ብዙዎቻችን አይተነዋል። ዥጉርጉር ድመት ናት፤ የባቡር ሠራተኛ ኮፍያ አድርጋ ረጋ ብላ ተቀምጣለች። ከፎቶው ጋር የሚመጣው ታሪክ አጭር ነው። ሊዘጋ የነበረ የባቡር መስመር ነበር። ድመቷ ተሾመች። ሰው ጎረፈ። መስመሩ ዳነ።

ታሪኩ ደስ ይላል። ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጧል። መስመሩ ከመዘጋት የተረፈው ድመቷ ከመሾሟ በፊት ነው። ያተረፉትም የአካባቢው ነዋሪዎች፣ ሁለት ከተሞች፣ አንድ ክፍለ ሀገርና ከሩቅ የመጣ አንድ ትንሽ የትራም ድርጅት ናቸው። ድመቷ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። የሠራችው ሥራም ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ሌላ ሥራ ነው። ይህን ልዩነት ካላየን ከጉዳዩ ምንም አንማርም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር። ቀናቱ፣ ወራቱና ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኪሺ ጣቢያ ያለው ከኦሳካ በስተደቡብ፣ በዋካያማ ክፍለ ሀገር፣ ኪኖካዋ በምትባል ከተማ ነው። ኪኖካዋ ስሟን ያገኘችው በመሀሏ ከሚያልፈው ወንዝ ነው። የፍራፍሬ አገር ናት። ኮክ፣ እንጆሪ፣ ብርቱካን በብዛት ይበቅልባታል። የዓለም የሕክምና ታሪክም ያውቃታል። በ1804 ሰውን ሙሉ በሙሉ አደንዝዞ ቀዶ ሕክምና ያደረገው ሐናኦካ ሴይሹ የዚህ አካባቢ ሰው ነበር። ይህን ያነሳሁት ቦታው ድመት ከመምጣቷ በፊትም የራሱ ስም እንደነበረው ለማሳየት ነው።

ጣቢያው የኪሺጋዋ መስመር መጨረሻ ነው። መስመሩ ከዋካያማ ጣቢያ ተነስቶ 14.3 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በመንገዱ 14 ጣቢያዎች አሉ። ከጫፍ ጫፍ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሐዲዱ ነጠላ ነው፤ ባቡሩም ሁለት ፉርጎ ብቻ ነው የሚጎትተው። የመንገዱ አብዛኛው ክፍል በዋካያማ ከተማ ውስጥ ያልፋል፤ ጫፉ ኪኖካዋ ላይ ያርፋል።

መስመሩ ሥራ የጀመረው በ1916 ነው። የተሠራበት ዋና ምክንያት ተሳላሚዎችን ለማመላለስ ነበር። በአካባቢው ኒቺዘንጉ፣ ካማያማና ኢዳኪሶ የሚባሉ ሦስት ትልልቅ የሺንቶ ቤተ መቅደሶች አሉ፤ ሺንቶ የጃፓን ነባር እምነት ነው። ሦስቱን በአንድ ጉዞ መሳለም የቆየ ልማድ ነው። ኪሺ ጣቢያ የተከፈተው ሐዲዱ ወደ ውስጥ ሲራዘም ነው፤ በ1933። በ1961 መስመሩ ናንካይ በሚባለው ትልቅ የባቡር ኩባንያ እጅ ገባ። ናንካይ ከኦሳካ ወደ ደቡብ የሚሄዱትን ዋና ዋና መስመሮች የሚያንቀሳቅስ ኩባንያ ነው።

ገበያው ደህና የነበረበት ጊዜ ነበር። በ1974 በዓመት 3.61 ሚሊዮን ተሳፋሪ ተመዝግቧል። ከዚያ በኋላ ቁልቁል ነው። ሰዉ መኪና ገዛ። መንገዱ ሰፋ። የልጆች ቁጥር ቀነሰ። 2005 ሲደርስ ተሳፋሪው 1.92 ሚሊዮን ያህል ቀርቶ ነበር። ኩባንያው በዚህ መስመር ብቻ በዓመት 500 ሚሊዮን የን ገደማ ይከስር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ሕግ መታወቅ አለበት። ያለ እሱ ታሪኩ አይገባም። ድሮ ጃፓን ውስጥ የባቡር መስመር ለመዝጋት የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። በ2000 ሕጉ ተሻሻለ። ከዚያ ወዲህ ኩባንያው ከአንድ ዓመት በፊት ማስታወቅ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ፈቃድ መጠየቅ ቀረ። አስታወቀ፣ ዓመቱ ሞላ፣ በቃ፣ መዝጋት ይችላል። ብዙ የገጠር መስመሮች ከዚያ በኋላ የተዘጉት በዚህ መንገድ ነው።

ናንካይ በነሐሴ 2004 ከመስመሩ እንደሚወጣ ይፋ አደረገ። በመስከረም መጨረሻ ማስታወቂያውን ለመንግሥት አስገባ። ሰዓቱ መቁጠር ጀመረ። ነዋሪው አንድ ዓመት ነበረው።

ኩባንያውን ለመውቀስ አይደለም የጻፍኩት። በየዓመቱ ይህን ያህል የሚከስር ሥራ ይዞ የሚቆይ የግል ድርጅት ብዙ አይገኝም። ጥያቄው ሌላ ነው። መስመሩ ለኩባንያው ኪሳራ ነው፤ ለአገሩስ? ጠዋት ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ በምን ይሂድ? መኪና መንዳት የተዉ አዛውንት ሐኪም ቤት በምን ይድረሱ? ባቡሩ ሲቀር ሁሉም መኪና ይዞ ቢወጣ፣ ጠዋት ወደ ከተማ የሚገባው መንገድ ምን ይሆናል? ይህ ሁሉ ወጪ ነው። በኩባንያው የሒሳብ መዝገብ ላይ ግን አይታይም።

ነዋሪዎቹ ያነሱት ይህንን ነው። በዚያው መስከረም የመስመሩን የወደፊት ዕጣ እናበጃለን ብለው ማኅበር አቋቋሙ። የአባልነት መዋጮው በዓመት 1,000 የን ነበር። ለአንድ ቤተሰብ ብዙ ገንዘብ አይደለም፤ አንድ ምሳ ቢገዛ ነው። ግን የአባላቱ ቁጥር ከ6,000 በላይ ሆነ። ይህ ቁጥር ነው እኔን ያስደነቀኝ። ፈርም ብትለው ሰው ሁሉ ይፈርማል። ከኪሱ አውጥቶ ሲከፍል ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለከንቲባውም፣ ለክፍለ ሀገሩ አስተዳዳሪም፣ ወደፊት ሊመጣ ለሚችለው ድርጅትም መልእክቱ ግልጽ ነበር። ሰዉ የምሩን ነው።

መፈክራቸው አጭር ነበር፤ «እየተሳፈርን እናቆየው»። እኔ ይህን መፈክር እወደዋለሁ። «አትዝጉብን» ከማለት ይለያል። ሥራውን የሚሰጠው ለራስ ነው። ማኅበሩ ጣቢያ ማጽዳት ጀመረ፣ ዝግጅት አዘጋጀ፣ ስብሰባ ጠራ። የመስመሩን ጥቅምና ወጪ የሚያሰላ ጥናት የሠሩ የአካባቢው ሰዎችም ነበሩ። እንባ ብቻ ይዘው አልቀረቡም። ሒሳብ ይዘው ቀረቡ።

አሁን ወደ ስምምነቱ እንምጣ። ለእኔ የጉዳዩ ልብ እዚህ ነው። ስለ ድመቷ የሚያወሩት ሰዎች ግን ብዙውን ጊዜ ዘለውት ያልፋሉ።

በ2005 መጀመሪያ ላይ ክፍለ ሀገሩና ከተሞቹ ተስማሙ። ዋካያማ ከተማና የያኔዋ የኪሺጋዋ ከተማ የሐዲዱን መሬት ከናንካይ ይገዛሉ። የመግዣውን ገንዘብ ክፍለ ሀገሩ ይሸፍናል። መስመሩን የሚያንቀሳቅሰው ድርጅት ደግሞ በጨረታ ይመረጣል። ሥራው ቢከስር ሁለቱ ከተሞች ለ10 ዓመት ይደጉሙታል። የድጎማው ጣሪያ በ10 ዓመት ውስጥ 820 ሚሊዮን የን ነው። ዋካያማ 65 በመቶውን፣ ኪሺጋዋ 35 በመቶውን ይሸከማሉ። ኪሺጋዋ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ከአራት ጎረቤቶቿ ጋር ተዋሕዳ የዛሬዋን ኪኖካዋ ከተማ መሠረተች። ኃላፊነቱም ወደ አዲሲቱ ከተማ ተላለፈ።

ይህ ውል ብልህ ውል ነው። ቁጥሩን ልብ በሉ። 820 ሚሊዮን ለ10 ዓመት ሲካፈል በዓመት 82 ሚሊዮን ነው። ናንካይ በዓመት የሚከስረው 500 ሚሊዮን ነበር። ስለዚህ መንግሥት አዲሱን ድርጅት ያለው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ እንረዳሃለን፣ ግን እንደ ድሮው ከሰርክ አንሸፍንም፤ የቀረውን ልዩነት አንተ አጥብበው። ድጎማው ጣሪያ አለው፣ ጊዜም አለው። ድርጅቱ ተዝናንቶ የሚተኛበት ገንዘብ አልሆነም። መሬቱ የሕዝብ ስለሆነም፣ ነገ ድርጅቱ ቢወጣ ሐዲዱ ለሕንፃ አይሸጥም።

ጨረታውን ያሸነፈው ማን ይመስላችኋል? የኦካያማ የኤሌክትሪክ ትራም ድርጅት ነው። ኦካያማ በምዕራብ ጃፓን ያለች ሌላ ከተማ ናት፤ ከዋካያማ ጋር ድንበር እንኳ አትጋራም። ድርጅቱ ያኔ የነበረው የትራም ሐዲድ በጠቅላላው 4.7 ኪሎ ሜትር ነበር። የራሱን መስመር ሦስት እጥፍ የሚያህል ሐዲድ ሊያንቀሳቅስ መጣ ማለት ነው። ከጀርባው ግን ሪዮቢ የሚባል የትራንስፖርት ድርጅቶች ቡድን ነበረ። የቡድኑ መሪ ያኔ አቶ ሚትሱኖቡ ኮጂማ ነበሩ። በሰኔ 2005 ዋካያማ ኤሌክትሪክ ባቡር የተባለ አዲስ ኩባንያ አቋቋሙ። የማስረከቢያው ቀን በስድስት ወር ተገፋ። ናንካይ እስከ መጋቢት 31 ቀን 2006 ሠራ። በማግስቱ፣ ሚያዝያ 1፣ አዲሱ ኩባንያ የመጀመሪያውን ባቡር አስነሳ። አንድም ቀን አልተቋረጠም።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። መስመሩ ተርፏል። ድመቷ ገና አልተሾመችም።

ድመቷ ግን እዚያው ነበረች። ስሟ ታማ ይባላል። ጃፓኖች ለድመት በብዛት የሚያወጡት ስም ነው፤ እኛ «ውሮ» እንደምንለው ማለት ይቻላል። የተወለደችው ሚያዝያ 29 ቀን 1999 ነው። ነጭ፣ ጥቁርና ቡናማ የተቀላቀለባት ሴት ድመት ናት። ከጣቢያው ጎን አንዲት ትንሽ ሱቅ ነበረች። ታማና ጓደኞቿ የሚበሉት ከባለሱቋ እጅ ነበር። ከባቡር የሚወርዱት ተማሪዎችም ይዳብሷት፣ የያዙትን ያካፍሏት ነበር። ማንም ፎቶ ሊያነሳት ከሩቅ አልመጣም። የሰፈር ድመት ነበረች።

አዲሱ ኩባንያ ወጪ መቀነስ ነበረበት። ኪሺ ጣቢያ ሠራተኛ ከማይመደብባቸው ጣቢያዎች አንዱ ሆነ። በርክክቡ ምክንያት የድመቶቹ ጎጆ ያለበት መሬትም ወደ መንግሥት ዞረ። ጎጆው መነሳት ነበረበት። ባለሱቋ ተጨነቁ። ሥራው በተጀመረበት ቀን ወደ አቶ ኮጂማ ቀርበው ለመኑ፤ ድመቶቹ ጣቢያው ውስጥ እንዲያድሩ ይፈቀድላቸው ብለው።

አቶ ኮጂማ ታማን አዩ። ሠራተኛ የሌለው ጣቢያ አለ። ቤት የሌላት ድመት አለች። ሁለቱ ችግሮች በአንድ ቦታ ተገናኙ። በዚያች ቅጽበት ታማን የጣቢያ ሹም ኮፍያ አድርጋ እንደታየቻቸው አቶ ኮጂማ ደጋግመው ተናግረዋል። ማስታወቂያ ሠሪ ቀጥረው ያመጡት ሐሳብ አልነበረም። የሰፈር ሰው ያቀረበው ልመና ነው ሐሳቡን የወለደው።

ሐሳቡ ወዲያው ተግባር አልሆነም። ለድመት ጭንቅላት የሚሆን እውነተኛ የጣቢያ ሹም ኮፍያ መስፋት ቀላል አይደለም። ኮፍያው ብቻ ከስድስት ወር በላይ ፈጀ። ታማ በይፋ የተሾመችው ጥር 5 ቀን 2007 ነው። የሹመት ደብዳቤ ተሰጣት። ስሟና ማዕረጓ የተጻፈበት ወርቃማ ባጅ አንገቷ ላይ ተንጠለጠለ። ሥራዋ እንግዳ መቀበል ነው። ደመወዟ የድመት ምግብ ነው። ሚይኮና ቺቢ የተባሉት ሌሎች ሁለት ድመቶችም ረዳት ሹሞች ሆኑ። በበጋ የምታደርገው ቀለል ያለ ኮፍያም በኋላ ተሠራላት።

ጋዜጣው መጣ። ቴሌቪዥኑ መጣ። ከዚያ ሰዉ መጣ። መጀመሪያ ከኦሳካና ከአካባቢው፣ በኋላ ከሆንግ ኮንግ፣ ከታይዋን፣ ከታይላንድ። በመጀመሪያው ዓመት የተሳፋሪው ቁጥር ካለፈው ዓመት በ10 በመቶ ገደማ ጨመረ። የካንሳይ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ካትሱሂሮ ሚያሞቶ ታማ በ2007 ለአካባቢው ያመጣችውን ጥቅም ሲያሰሉ 1.1 ቢሊዮን የን ደረሰላቸው።

ይህ 1.1 ቢሊዮን ብዙ ቦታ ይጠቀሳል። ብዙ ጊዜም በስህተት ይነበባል። ገንዘቡ ወደ ባቡሩ ካዝና አልገባም። እንግዳው የከፈለው የሆቴል፣ የምግብ፣ የስጦታ ዕቃና የመሳሰለው ሁሉ ተደምሮ ነው። ባቡሩ የሚያገኘው የትኬቱን ብቻ ነው። አንድ ሰው ከሆንግ ኮንግ ታማን ሊያይ ቢመጣ ባቡሩ ላይ ሁለት ጊዜ ይሳፈራል፤ ሲሄድና ሲመለስ። አንድ ተማሪ በዓመት 200 ቀን ትምህርት ቤት ቢሄድ 400 ጊዜ ይሳፈራል። በቁጥር ካየነው ተማሪው ሁለት መቶ ቱሪስት ያህላል።

ታዲያ የታማ ጥቅም ምኑ ላይ ነው? እኔ እንደሚገባኝ ጥቅሟ ሰዓቱ ላይ ነው። የከተማ ዳር ባቡር ጠዋትና ማታ ይሞላል፤ ቀን ባዶውን ይሮጣል። ባዶም ሆነ ሙሉ ኤሌክትሪኩ ይበላል፣ ሾፌሩ ይከፈለዋል። ታማን ሊያይ የሚመጣው ሰው ደግሞ የሚሳፈረው ቀን ነው፤ ቅዳሜ ነው፤ በዓል ነው። በነዚያ ባዶ ወንበሮች ላይ ይቀመጣል። ተማሪው በቅናሽ ወርኃዊ ትኬት ሲሄድ እንግዳው ሙሉውን ይከፍላል። ያ ገንዘብ አዲስ ወጪ ሳያስከትል ነው የሚገባው። ከዚህ በላይ ደግሞ እንግዳው የሚሳፈረው ከዋካያማ ተነስቶ እስከ መጨረሻው ጣቢያ ነው፤ የመስመሩን ረጅሙን ጉዞ ነው የሚሄደው። ታማ የተቀመጠችው መስመሩ ጫፍ ላይ መሆኑ እንደ ዕድል ሊቆጠር ይችላል። መሀል ላይ ብትሆን ኖሮ ገቢው ያንስ ነበር።

ኩባንያው በድመቷ ብቻ አልተመካም። አዲስ ባቡር የመግዛት አቅም አልነበረውም። ከናንካይ የተረከበው ባለ ሁለት ፉርጎ ስድስት ባቡሮች ነበሩት። ኤይጂ ሚቶኦካ የተባሉት የታወቁ ዲዛይነር አሮጌዎቹን ባቡሮች አንድ በአንድ አደሷቸው። መጀመሪያ በነሐሴ 2006 የእንጆሪ ባቡር ወጣ። አካባቢው የእንጆሪ አገር ነው ብያችኋለሁ። ፉርጎው ነጭ፣ በሩ ቀይ፣ ወለሉ እንጨት ነው። ለማደሻው ገንዘብ የረዱት ደጋፊዎች ስም ፉርጎው ውስጥ ተጽፏል። ቀኑን ልብ በሉ፤ ታማ ከመሾሟ በፊት ነው። በሐምሌ 2007 የመጫወቻ ባቡር ተከተለ፤ ቀይ፣ ውስጡ በአሻንጉሊት የተሞላ። በመጋቢት 2009 የታማ ባቡር መጣ። ግንባሩ ላይ ጆሮ አለው፤ አካሉ ላይ 101 የታማ ሥዕሎች ይሮጣሉ። በ2016 ደግሞ የኡሜቦሺ ባቡር ተጨመረ። ኡሜቦሺ በጨው የተዘፈዘፈ ጎምዛዛ ፍሬ ነው፤ ዋካያማ የምትታወቅበት።

እነዚህ ሁሉ ከአካባቢው የተወሰዱ ነገሮች ናቸው። እንጆሪው የዚያ አገር ነው። ኡሜው የዚያ አገር ነው። ድመቷም የዚያ ጣቢያ ልጅ ናት።

የጣቢያው ሕንፃም በነሐሴ 2010 አዲስ ሆነ። የድሮው የእንጨት ቤት አርጅቶ ነበር። አዲሱን የነደፉት እኚሁ ሚቶኦካ ናቸው። ከፊት ለፊት ሲታይ ጣሪያው የድመት ፊት ነው፤ ሁለት ጆሮና ሁለት ዓይን መስኮት አለው። እንዲህ ሲባል የሕፃናት መጫወቻ ቦታ ይመስላል። ጣሪያው ግን የተከደነው ሂኖኪ በሚባል የጥድ ዘመድ ዛፍ ቅርፊት ነው። በዚህ ዘዴ የሚከደኑት የጥንት ቤተ መቅደሶችና ቤተ መንግሥቶች ናቸው። ጥበቡን የሚያውቁ ባለሙያዎች ጥቂት ናቸው። ለአንዲት የገጠር ጣቢያ ይህን ማድረግ ማለት ቦታውን ማክበር ማለት ነው። ታማም በውስጡ ቢሮ ተሰጣት። ጎኑ ላይ ሻይ ቤትና የስጦታ ሱቅ አለ።

ታማም በማዕረግ ላይ ማዕረግ ተጨመረላት። በጥር 2008 ታላቅ የጣቢያ ሹም ተባለች። በዚያው ዓመት ጥቅምት የክፍለ ሀገሩ አስተዳዳሪ እንደ አውሮፓ ባላባቶች ያለ የክብር ማዕረግ ሰጧት። በ2010 ከኩባንያው የሥራ አመራር አባላት አንዷ ሆነች። በኋላም የፕሬዚዳንቱ ተወካይ እስከመሆን ደረሰች። ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። ግን አንድ ነገር አስተውሉ። እያንዳንዱ ሹመት አዲስ ዜና ነው። እያንዳንዱ ዜና ገንዘብ ያልተከፈለበት ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያ የሚገዛበት አቅም ለሌለው ኩባንያ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ደግሞም ሥርዓቱን በወጉ ነው የሚያደርጉት፤ ደብዳቤ ተነቦ፣ እጅ ተነስቶ፣ በክብር። ሰዉን የነካው ያ ክብር ይመስለኛል።

በሌላ በኩል የማይታይ ሥራ ነበረ። ነዋሪዎች፣ የሁለቱ ከተሞች ሠራተኞች፣ ትምህርት ቤቶችና ኩባንያው አንድ ላይ የሚቀመጡበት የመስመሩ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰዓት፣ ዝግጅት፣ ቅሬታ፣ ሁሉም እዚያ ይነሳል። ናንካይ በነበረ ጊዜ ነዋሪው ቅሬታውን ለትልቅ መሥሪያ ቤት ነበር የሚያቀርበው። አሁን ጠረጴዛው ላይ እሱም ወንበር አለው። ኩባንያው በዓመት 2.5 ሚሊዮን ተሳፋሪ ግብ ሲያወጣ ለነዋሪው ያቀረበው ጥያቄም ቀላል ነበር፤ ሁላችሁም በዓመት አራት ጊዜ ብቻ ጨምራችሁ ተሳፈሩ። አራት ጊዜ ማለት ማንም ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው። ትልቁን ቁጥር ሰው እጅ ላይ በሚገባ መጠን መነዘሩት።

ቁጥሩ ምን ሆነ? ከ1.92 ሚሊዮን ተነስቶ በአሥር ዓመት ውስጥ ከ2.2 ሚሊዮን በላይ ወጣ። በዙሪያው የሕዝብ ቁጥር እየቀነሰ ባለበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን የ1974ቱን 3.61 ሚሊዮን አልደረሰም። ግቡን 2.5 ሚሊዮንም አልነካም። ትርፍም አላመጣም። ኪሳራው ከናንካይ ዘመን በእጅጉ አነሰ፤ አልጠፋም። የ10 ዓመቱ ድጎማ በ2016 ሲያልቅ ክፍለ ሀገሩና ከተሞቹ እንደገና ተቀምጠው ድጋፉን ቀጠሉ። በዚህ ጊዜ ድጋፉ በዋናነት ያተኮረው ሐዲድና መሣሪያ በማደስ ላይ ነው። አሮጌ ፉርጎ ቀለም ቢቀባም ሞተሩ አሮጌ ነው። ድልድዩም ያረጃል፣ የኤሌክትሪክ መስመሩም ያረጃል። ይህን ደግሞ ድመት አትጠግንም።

ታማ ሰኔ 22 ቀን 2015 በልብ ድካም ሞተች። 16 ዓመቷ ነበር። ከስድስት ቀን በኋላ ጣቢያው ላይ በሺንቶ ሥርዓት ቀብሯ ተፈጸመ። 3,000 ያህል ሰው መጣ። አቶ ኮጂማ ሥርዓቱን ራሳቸው መሩ። የዘላለም የክብር ጣቢያ ሹም የሚል ስም ተሰጣት። በሺንቶ እምነት ለአካባቢው መልካም የሠራ ፍጡር ጠባቂ መንፈስ ተብሎ ሊከበር ይችላል። ታማም ታማ ዳይሚዮጂን ተባለች። በነሐሴ መሳፈሪያው ላይ ትንሽ መቅደስ ቆመላት። የመጀመሪያዎቹ የመስመሩ ተሳፋሪዎች መቅደስ ሊሳለሙ የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ የመስመሩ መጨረሻ ላይ ራሱ መቅደስ ተተከለ። ይህን ሳነብ ልቤ ተነካ፣ አልደብቅም።

መቅደሱ በቆመበት ቀን፣ ነሐሴ 11፣ ኒታማ የኪሺ ጣቢያ ሹም ሆነች። «ኒ» ማለት ሁለት ነው፤ ሁለተኛዋ ታማ። ኦካያማ ውስጥ መንገድ ላይ ተገኝታ የተረፈች ድመት ነበረች። ከ2012 ጀምሮ በዚያው መስመር በኢዳኪሶ ጣቢያ አገልግላለች። ሥራውን ተምራ ነው የመጣችው። በ2017 አራተኛዋ ዮንታማ ኢዳኪሶ ላይ ተመደበች። ሦስተኛዋስ? ሦስተኛዋ ኦካያማ ውስጥ ልምምድ ላይ ሳለች የዚያ አገር ሰዎች ወደዷት፤ እዚያው ቀረች።

ብዙ ቦታ ይህን ሐሳብ ኮርጀዋል። ጃፓን ውስጥ ሌሎች የእንስሳት ጣቢያ ሹሞች ታይተዋል። የኪሺን ያህል ዕድሜ ያገኙት ግን ጥቂት ናቸው። ምክንያቱ የእንስሳው ቁንጅና አይመስለኝም። እንስሳ ሾመው ሐዲዱን የሚጠብቅ ውል ካልፈረሙ፣ ቱሪስቱ ሲሰለች የሚቀር ነገር የለም። ኪሺ ላይ ግን ውሉ ቀድሞ ነበረ። ሕዝቡም ቀድሞ ነበረ። ታማ ፊት ሆነችላቸው። አካሉ ቀድሞ ተሠርቶ ቆይቷታል።

በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ይህ በግልጽ ታየ። ከውጭ የሚመጣው እንግዳ በአንድ ጊዜ ጠፋ። ትምህርት ቤት ተዘጋ። የኩባንያው ገቢ ወደቀ። ሆንግ ኮንግ ያለው አድናቂ የትም አይደርስም። ባቡሩ ግን ጠዋት ተነሳ። መሬቱ የከተሞቹ ነው፤ ድጋፉ በውል ታስሮ ነበር፤ የማኅበሩ አባላት ጣቢያ ማጽዳታቸውን አልተዉም።

ዛሬ ኪሺ የሚወርድ ሰው ቀጥታ የሚሄደው ወደ መስታወቱ ነው፤ ሹሟን ሊያይ። እሱ ፎቶ ሲያነሳ ከዚያው ባቡር የወረዱት ተማሪዎች በጎኑ አልፈው ወደ ብስክሌታቸው ይሄዳሉ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ባቡሩ አቅጣጫውን ቀይሮ ወደ ዋካያማ ይመለሳል።